ሙሽሪትና አክስት

«ችግር የለም፣ መኪና አጣቢው ይከፍትልዎታል።»

ጋሽ ካቻቢቴ ይህን ሲሰማ ጋራዡ ደጃፍ ላይ ቆሞ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ነበር። ድምፁ የመጣው ወደ ግቢው ከሚከፈተው የሳሎን መስኮት ነው። ስልክ የሚያወራው የቤቱ ልጅ ነው። መኪና አጣቢው ደግሞ፣ ዙሪያውን ቢያይ ሌላ ሰው ስላጣ፣ እሱ ራሱ መሆን አለበት። ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ በየቅዳሜው እዚህ ግቢ ገብቷል። የሁለቱን መኪኖች ሞተር አውርዶ ሰቅሏል፤ ካርቡራተራቸውን በጥርስ ብሩሽ ፈትጓል፤ ገበያ ላይ የማይገኝ ዕቃ ሲሰበር ከናስ ሞርዶ ተክቷል። አሁን ስልክ ይዞ የሚንጎራደደው ይህ ልጅ ገና ዳዴ ሲል ተደግፎ የቆመው የእሱን ሱሪ ይዞ ነበር። ማጠቡንስ አጥቧል፣ አይክድም። ግን ሰው ከዚያ ሁሉ ሥራ ውስጥ መርጦ መርጦ አንዷን ትንሿን ሲያነሣለት ሆዱን ባር ባር አለው። ጨርቁን አራገፈና መልሶ አጠፈው።

መኪኖቹ ሁለቱም ጣሊያን ሠራሽ ናቸው። ሁለቱም ዕድሜያቸው ከሃምሳ ያለፈ፣ ሁለቱም ሩቅ መንገድ በፍጥነትም በምቾትም እንዲሄዱ ተብለው የተሠሩ። ሟቹ ባለቤት፣ ሰፈሩ ሁሉ «ኢንጂነር» የሚለው የሕንፃ ተቋራጭ፣ መጀመሪያ ያመጣት ብርማዋን ነበር፤ ሁለት ወንበር ብቻ ያላት፣ አፍንጫዋ የረዘመ፣ ወገቧ የቀጠነ፣ ስትነሣ ጎረቤቱን ሁሉ ከወንበሩ የምታስነሣ። «ሙሽሪት» አሏት። ልጁ ሲወለድ ሚስቱ «እኛንስ ምን ላይ ልትጭነን ነው?» ብትለው ሄዶ ሁለተኛዋን አመጣ። እሷ ጥቁር ሰማያዊ ናት፤ ትከሻዋ ሰፋ ያለ፣ ድምጿ የታረመ፣ ከኋላ ሕፃን የሚያስቀምጡ ሁለት ትንንሽ ወንበሮች ያሏት። እሷን «አክስት» አሏት። ሰው ወደዚህ ግቢ ሲገባ ዓይኑ ሙሽሪት ላይ ይቀራል። ጋሽ ካቻቢቴ ግን የሚወዳት አክስትን ነበር። ይህን ለማንም ተናግሮ አያውቅም፤ ጋሽ ካቻቢቴ ለማንም ተናግሮ የማያውቀው ነገር ብዙ ነው። እንኳን ሌላውን፣ በገዛ ሠርጉ ፎቶግራፍ ላይ ከኮቱ ኪስ ብቅ ብሎ የሚታየው የብሎን መፍቻ፣ ካቻቢቴው፣ ለምን እዚያ እንደተገኘ እንኳ ሚስቱ እስከ ዛሬ ማብራሪያ አላገኘችም። ቅጽል ስሙም ከዚያ ፎቶግራፍ የመጣ ነው።

ኢንጂነሩ ከሞተ ስምንት ወር ሆነው። ቤቱ ሊከራይ ነው፤ ባልቴቷ ሚስቱ ወደ እህቷ ልትገባ ነው፤ ጋራዡ ባዶ መሆን አለበት። አሮጌ መኪና የምትሰበስብ አንዲት የጥርስ ሐኪም ከሁለቱ አንዷን ልትገዛ ዛሬ ትመጣለች። ቦታ ያላት ለአንድ ብቻ ነው። የትኛዋ እንደምትሻል የምትወስነው አይታ፣ ነድታ፣ ጠይቃ ነው።

ሦስት ሰዓት ላይ ደረሰች። ሁሉም ሹፌር ያላት፣ መነጽር የሰካች እመቤት ጠብቀው ነበር፤ እሷ ግን አቧራ የጠጣች ትንሽ መኪና ራሷ ነድታ መጣች። ሃምሳ የተጠጋች፣ ሱሪ የለበሰች፣ ፀጉሯን በጎማ ያሰረች ሴት ናት። ልጁ ሙሉ ልብሱን ለብሶ፣ የሚያብረቀርቅ ጫማውን ዘይት እንዳይነካው እየጠበቀ፣ ስለ አባቱ ዝና ሊያወራት ሲጀምር እሷ ከቦርሳዋ ጥርስ የምታይበትን እጀታ ያለው ትንሽ መስታወት አውጥታ መሬት ላይ ተንበረከከች። መስታወቱን ከአክስት የግራ በር ሥር አስገባችና «እዚህ ጋ ዝገት አለ» አለች።

«አለ» አለ ጋሽ ካቻቢቴ። «የጣት ጥፍር ያህላል። ከአምስት ዓመት በፊትም ያንኑ ያህል ነበር። ቀለሙ የፋብሪካው ነው፣ እንዳልነካው ብዬ ነው የተውኩት።»

ቀና ብላ አየችው። ፊቱን ሳይሆን እጁን ነበር ያየችው። ከዚያ በኋላ ልጁን ትታ የምትጠይቀው እሱን ሆነ። የሙሽሪት ገላ በመዶሻ ተቀጥቅጦ የወጣ አሉሚኒየም መሆኑን፣ ሁለት ጊዜ ቀለም መቀባቷን፣ አሥራ ሁለቱ ሲሊንደሮች አሥራ ሁለት ካንዴላ እንደሚፈልጉና የአሥራ ሁለት ካንዴላ ዋጋ የአንድ ቤተሰብ የወር ቤት ኪራይ እንደሚሆን ነገራት። ከተማ ውስጥ ስትንቀራፈፍ ሞተሯ እንደሚያኮርፍ፣ ፍሪሲዮኗ የግራ እግርን እንደሚያሠቃይ፣ ወደ አገር መውጫው ስትለቀቅ ግን ሌላ ፍጥረት እንደምትሆንም አልደበቀም። አክስት ስምንት ሲሊንደር ናት። ቆዳዋ ተሰነጣጥቋል፤ የመሪው እንጨት ለስልሷል፤ የአገልግሎት ደብተሯ ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አንድ ማኅተም አልጎደለውም። ሐኪሟ የሞተር ቁጥሮቹን ከደብተሮቹ ጋር አመሳከረች። ሁለቱም ገጠሙ።

«ገበያው ግን ለሁለቱ እኩል አይፈርድም» አለች ለልጁ። «ሁለት ወንበር ያላት አራት ወንበር ካላት እጥፍ ታወጣለች። ሰብሳቢ የልጅ ወንበር አይወድም።»

«ነቅለን ብናወጣውስ?» አለ ልጁ እየሣቀ።

ባልቴቷ በረንዳው ላይ ተቀምጣ ነበር። «ያንተ ወንበር እኮ ነው» አለችው። ልጁ ሰዓቱን አየ። ጋሽ ካቻቢቴ የአክስትን ኮፈን ቀስ አድርጎ ዘጋ።

ሐኪሟ ሁለቱንም በረጅም መንገድ ልታያቸው ፈለገች። እሷ ወደ ላይ እየነዳች፣ እሱ ወደ ታች እየመለሰ፣ ከከተማው መውጫ እስከ ኮረብታው ነዳጅ ማደያ ድረስ በየተራ ሊሄዱባቸው ተስማሙ። በሙሽሪት ጀመሩ። ሐኪሟ መብራት ላይ ሁለቴ ሞተሩ ጠፋባት፤ ከኋላ የክላክስ ውርጅብኝ ወረደባቸው፤ «ትንቃኛለች» ብላ ሣቀች። ቤቶቹ አልቀው መንገዱ ሲከፈት ግን ሙሽሪት ጉሮሮዋን ጠረገች። መንገዱ ዳር የቆሙ ሰዎች አንገታቸውን አዞሩ፣ አንድ የጭነት መኪና ሹፌር በመስኮቱ አውራ ጣቱን አወጣላቸው፣ የሐኪሟ ጆሮ ቀላ። ጋሽ ካቻቢቴም ቢሆን ከድንጋይ አልተሠራም፤ ወደ ታች ሲመልሳት እግሩ ከሚገባው በላይ ተጫነ። ግን ደስታው ሰው ቤት ጠግቦ እንደ መብላት ያለ ነበር፤ ሲወርድ አብሮት አልወረደም።

በአክስት ሲወጡ ወሬ ተቻለ። ሐኪሟ አንድ እጇን መሪው ላይ ጥላ፣ ስለ ልጅነቷ፣ አባቷ ስለነበረው የተሰባበረ መኪና ታወራለች። ጋሽ ካቻቢቴ እየሰማ አይሰማም ነበር። ከሃያ አንድ ዓመት በፊት ኢንጂነሩ ራቅ ያለ ከተማ ሥራ ሲቆይበት አክስትን አምጣልኝ ብሎ አዞት ነበር፤ የአንድ ቀን መንገድ ነው። «ብቻህን አትንዳ፣ ቤተሰብህን ይዘህ ና» አለው። ሚስቱ ከጎኑ፣ የስድስት ዓመት ልጁ ከኋላ ሆነው ተጓዙ። ልጅቷ ነጭ ካልሲዋን አውልቃ ቆዳው ላይ ተንጋለለች። ምንም እንዳትነኪ ተብላ ሁሉንም ነካች። በየከተማው ሲደርሱ አንገቷን በሁለቱ ወንበሮች መሐል አስግጋ «አባዬ፣ ይሄ መኪና የኛ ነው?» ትለዋለች፤ እሱም መጀመሪያ አይደለም አለ፣ በኋላ ዝም አለ፣ ከሰዓት ሲሆን «ዛሬ የኛ ነው» አላት። እንቅልፍ ሲወስዳት በመስታወቱ ውስጥ የእግሯ ጣቶች ይታዩት ነበር። በሕይወቱ ያን ያህል ቀስ ብሎ ነድቶ አያውቅም።

ያቺ ልጅ አሁን ሃያ ሰባት ዓመቷ ነው፤ ካያት ሦስት ዓመት ሊሞላው ነው። አንድ የሱቅ ማስታወቂያ የሚጽፍ ቀለም ቀቢ ላገባ ነው አለች። እሱ ምግብ ፊት ተቀምጦ «እሱን ካገባሽ በዚህ በር እንዳትገቢ» አላት። ቃሉ የአንድ ምሽት ንዴት ነበር። እሷ ግን እንደ ተጻፈ ወረቀት ተቀበለችው። የሚኖሩበትን ሕንፃ ያውቀዋል፤ ሁለት ጊዜ በአውቶቡስ ሊሄድ ተነሥቶ፣ ፌርማታው ሲደርስ የመውረጃውን ደወል ሳይጫን አልፎታል።

የማደያው ጥላ ሥር ሐኪሟ ሞተሩን አጠፋች። «እኔ መወሰን አቃተኝ፤ እርስዎ ቢሆኑ የትኛዋን ይወስዱ ነበር?» አለችው።

በሃያ ስምንት ዓመት ውስጥ ይህን የጠየቀው ሰው የለም። መልሱ አፉ ላይ ነበር። ነገር ግን አክስት ከሄደች የት ያገኛታል? የማያውቀው ግቢ ውስጥ፣ የማያውቀው በር ተዘግቶባት። ሙሽሪት ብትሸጥ ደግሞ አክስት ባልቴቷን ተከትላ ወደ እህቷ ቤት ትሄዳለች፤ እሱም እንደ ወትሮው ቅዳሜ ቅዳሜ ይሄዳል፤ ጠረግ ጠረግ ካደረጋት በኋላ የኋላዎቹን ትንንሽ ወንበሮች... ሐሳቡን ሳይጨርስ ምላሱ ቀደመው።

«ሙሽሪትን ይውሰዱ። የዚህችኛዋ ካምቢዮ ጤና የለውም። ውስጡ ያለቀ ዕቃ አለ፣ መለዋወጫው አይገኝም።»

ሐኪሟ የማርሹን ዘንግ ወዲያና ወዲህ አንቀሳቀሰች። «ምንም አልሰማሁም» አለች።

«አይሰማም። እኔ ነኝ የማውቀው።»

«እሺ» አለች። ፊቷ ላይ ቅር መሰኘት አየ፤ ግን ሌላ ነገር አልጠየቀችውም። ሲመልሳት እሱ አክስትን ነዳ፤ ማርሹ ከሁለት ወደ ሦስት፣ ከሦስት ወደ አራት እንደ ቅቤ ገባ፤ በገባ ቁጥር ጆሮው ይግላል።

ግቢ ሲደርሱ ሐኪሟ ሙሽሪትን እንደምትወስድ፣ እስከ ማታ ከባንክ ጋር ጨርሳ እንደምትደውል ነግራ፣ ሕመምተኞች ይጠብቁኛል ብላ ሄደች። ልጁ ጮቤ ረገጠ። «የተወደደችው ተሸጠች! ርካሿማ ድሮም ቦታ ተገኝቶላታል» አለ።

«የት?» አለ ጋሽ ካቻቢቴ። «እትዬ ይዘዋት አይሄዱም?»

«እማዬ መኪና ምን ያደርግላታል፣ ትተኛበት? ጓደኛዬ ሆቴል እየከፈተ ነው። መግቢያው አዳራሽ ውስጥ ትቆማለች፤ አበባ ይደረደርላታል፤ እንግዳ ፎቶ ይነሣባታል። ወለሉ ክብደት ስለማይችል ሞተርና ካምቢዮዋን አንተ ታወጣልናለህ። ሰኞ ይመችሃል?»

ጋሽ ካቻቢቴ ባልቴቷን አየ። ባልቴቷ እጇን አየች። እሱም «ምሳ ልብላ» ብሎ ወጣ።

ቤቱ ሁለት ክፍል ናት፤ አንደኛዋን የሚስቱ የልብስ ስፌት መኪናና የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ክምር ይዞታል። ሚስቱ በደርዘን ሂሳብ ኪስ ትገጥማለች፤ ዛሬ ክር ጨመረ፣ ቲማቲም ጨመረ፣ የማይጨምረው የኪስ መግጠሚያው ዋጋ ብቻ ነው እያለች ሾርባ አቀረበችለት። ሦስተኛው ወንበር ግድግዳ ተጠግቶ ዩኒፎርም ተሸክሟል። እሱም እሷም ወደዚያ አይመለከቱም። እሑድ እሑድ ሚስቱ «ሆስፒታል የተኛች ጓደኛዬን ልጠይቅ» ብላ ትወጣለች። ይህች ጓደኛ ከተኛች እነሆ ሦስት ዓመቷ፤ አልዳነች፣ አልሞተች። ምን እንዳመማት ጋሽ ካቻቢቴ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቀም። ሚስቱ ስትመለስ ግን ፊቷን ያነባል፤ ደህና መሆኗን ከዚያ ያውቃል።

«ዛሬ ዋሸሁ» አላት ማንኪያውን ሳያነሣ።

«ለማን?»

«ለአንዲት ገዢ። በሥራ።»

ሚስቱ መርፌዋን ጨርቁ ላይ ሰካች። በትዳራቸው ብዙ ነገር ታዝባዋለች፤ እልኸኛ ነው፣ ዝምተኛ ነው፣ ይቅርታ የሚባል ቃል ከአፉ በስንት መከራ ይወጣል። በሥራው ሲዋሽ ግን አላየችውም። «አንተ?» አለች። ቆይታም፣ «ታዲያ እዚህ ምን ትሠራለህ? ሾርባው የት ይሄድብሃል?»

ጃኬቱን አንሥቶ ወጣ።

የሐኪሟ ክሊኒክ ፎቅ ላይ ነው። መጠበቂያ ክፍሉ ውስጥ ጉንጫቸውን የያዙ ሰባት ሰዎች ተደርድረዋል፤ ጥግ ላይ ያለው ቴሌቪዥን ድምፁ ተዘግቶ የአየር ሁኔታ ይናገራል። መዝጋቢዋ «ተራዎ ስምንተኛ ነው፤ የትኛው ጥርስዎ ነው?» አለችው።

«ጥርሴን አይደለም፣ አፌን ነው» አላት። ልጅቱ ግራ ገብቷት ስታየው በሩ ተከፍቶ አንድ ሕመምተኛ ወጣ፤ ሐኪሟ ጭንብሏን ዝቅ አድርጋ አየችውና በእጇ ጠራችው። ውስጥ ሁለተኛው ወንበር ላይ ሌላ ሕመምተኛ፣ አፉ በጥጥ ተሞልቶ፣ ጣሪያ እያየ ተንጋሏል። ጋሽ ካቻቢቴ ሰውየው ፊት መናገር አፈረ፤ ከተመለሰ ግን ዳግመኛ እንደማይመጣ ራሱን ያውቃል።

«ካምቢዮዋ ጤነኛ ነው» አለ። «እንደ ሰዓት ነው የሚሠራው። ሁለት ዓመት አልሆነውም ውስጡን ከፍቼ ካየሁት። የዋሸሁት እኔ ነኝ።»

ሐኪሟ ጓንቷን ቀስ እያለች አወለቀች። «ሦስት መኪና በሰው ምክር ገዝቻለሁ፤ ሁለቱ አቃጥለውኛል» አለች። «ጠዋት ስልክ ላይ አጣቢ ይከፍትልዎታል ተባልኩ፤ መጥቼ እጅዎን ሳይ ደስ አለኝ፣ ዛሬስ አንድ የሚታመን ሰው አገኘሁ ብዬ። ለምን?»

ሊያስረዳ ሞከረ። ስለ መንገዱ፣ ስለ ሴት ልጁ፣ ስለ ሦስቱ ዓመት፤ ሁሉንም በአራት ዓረፍተ ነገር ነገራት። ወንበሩ ላይ ያለው ሰውዬ ዓይኑን ከጣሪያው አንሥቶ እሱ ላይ አድርጓል። «ሆቴል ውስጥ ሊያቆሟት ነው» አለ በመጨረሻ። «ሞተሯን አውጥተው። እርስዎ ይነዷታል፣ አይቻለሁ። እዚያ ቆማ ሬሳ ከምትሆን እርስዎ ጋ ሆና ትሂድ።»

ሐኪሟ በመስኮቱ ወደ ውጭ አየች። «ከመጀመሪያውም የፈለግኋት እሷን ነበር» አለች። «ለገበያው ሳይሆን ለእኔ። እህቴና ልጆቿ በየዓመቱ ባሕር ዳርቻ ውሰጂን ይሉኛል፤ የሰበሰብኳቸው መኪኖች ሁሉ ሁለት ወንበር ናቸው።» ስልኳን አነሣች። የኢንጂነሩን ልጅ አላስጨነቀችውም፤ ሙሽሪትን የሚፈልጉ የሁለት ሰብሳቢዎችን ስም ሰጥታው፣ እሷ አክስትን እንደምትወስድ፣ ገንዘቡን አሁኑኑ እንደምታስገባ፣ መኪናዋም ዛሬውኑ እንድትመጣላት ነገረችው። ስልኩን ዘግታ፣ «እርስዎ ያምጡልኝ» አለችው። «እዚህ እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት አለሁ፤ አይቸኩሉ።» ጋሽ ካቻቢቴ ከንፈሩን ሲያላውስ አየችና የሚለውን አወቀች። «የራሴ መካኒክ አለኝ፣ ጋሼ። ሌላ ሰው ባስነካ ያኮርፋል።»

«ልክ ነው» አለ። «እኔም ብሆን አኮርፋለሁ።»

ልጁ ሐኪሟን ሐሳቧን ያስለወጣት ማን እንደሆነ ገምቶ ግቢው በር ላይ ቆሞ ጠበቀው። «ማን ጠየቀህ? ለጓደኛዬ ምን ልለው ነው?» አለ። ጋሽ ካቻቢቴ የጠየቀችው ገዢዋ መሆኗን ቢነግረውም አልሰማውም። «አክስትን አድርሰህ ቁልፉን እዚያው ተው። የጋራዡንም ቁልፍ ለእማዬ ስጣት። ከእንግዲህ ቅዳሜ አትልፋ።» ይህን ሲል እንደ መቆጨት ነገር ፊቱ ላይ አለፈ፤ ነገር ግን ስልኩ ጠራና ፊቱን አዞረ።

ባልቴቷ የጋራዡን ቁልፍ ተቀብላ ኪሷ ከተተች። አክስት ሞተሯ ሲነሣ ቀረብ ብላ ጣሪያዋ ላይ መዳፏን አሳረፈች፤ ለረጅም ጊዜ አላነሣችውም። «ስትደርስ ደውልልኝ» አለችው፣ ሩቅ አገር ለሚሄድ ሰው እንደሚባለው።

ወደ ክሊኒኩ የሚወስደው መንገድ በአደባባዩ ወደ ቀኝ ነው። ጋሽ ካቻቢቴ ወደ ግራ ታጠፈ። ለምን እንደሆነ ለራሱም አላብራራም፤ ሚስቱን ጠርቶ ቢያማክር ኖሮ እንደሚተወው ያውቃል፣ ስለዚህ አላማከረም። አውቶቡሱ የሚያልፍበትን ፌርማታ አየና ዛሬ ከአውቶቡስ ደወል መጫን መሪ ማጠፍ ቀለለው። ልጁ የምትኖርበት ሕንፃ ባለ አራት ፎቅ፣ ግድግዳው የተላላጠ ነው። ምድር ቤቱ ደጃፍ ላይ አንድ ሰው አጎንብሶ የወንድ ፀጉር አስተካካይ ቤት ማስታወቂያ ይጽፋል፤ ክርኑ ድረስ አረንጓዴ ነው። ቀና ሲል ብሩሹ ከእጁ ወደቀ።

«አባባ» አለ።

ጋሽ ካቻቢቴ ይህን ሰው ያየው አንድ ጊዜ ብቻ ነበር፤ ያን ጊዜ ቀጭን፣ ፀጉሩ የተንጨባረረ፣ እጁን ለሰላምታ ዘርግቶ ሳይጨበጥ የቀረ ልጅ ነበር። አሁን ትንሽ ወፍሯል፤ ፀጉሩም ከግንባሩ ሸሸት ብሏል። «የት ናት?» አለ ጋሽ ካቻቢቴ፤ ሰላም ማለት እንደነበረበት ያወቀው ከተናገረ በኋላ ነው። «እንደምን ነህ?» ብሎ ጨመረ።

«ሥራ ላይ ናት። ብስኩት ፋብሪካ ገብታለች፣ አሥራ አንድ ሰዓት ይወጣሉ። ይግቡ፣ ውሃ ልስጥዎት።»

«መንገዱን አሳየኝ።»

ቀለም ቀቢው እጁን በጨርቅ አሸ፤ አረንጓዴው አልለቀቀም። ሮጦ ገብቶ ጋዜጣ ይዞ ወጣ። የአክስትን ቆዳ እንዳያበላሽ ወንበሩ ላይ አነጠፈ፤ መደገፊያውንም አለበሰ፤ ከዚያም ሁለት እጁን እንደ ቆሰሉ ሁሉ ወደ ላይ ይዞ ቀስ ብሎ ተቀመጠ። ጋሽ ካቻቢቴ በዓይኑ ጥግ ያየዋል። ሦስት ዓመት ሙሉ ስለዚህ ሰው ብዙ ክፉ ነገር አስቧል፤ ለሰው ዕቃ ይጠነቀቃል ብሎ ግን አስቦ አያውቅም። «በዚህ፣ አባባ... አሁን በዚያ» እያለ ይመራዋል። አንድ ጊዜ ብቻ «ካምቢዮው ደስ ይላል» አለ፤ «አዎ» አለ ጋሽ ካቻቢቴ፣ «ጤነኛ ነው።»

የፋብሪካው ደጅ ላይ ጣፋጭ የተቃጠለ ዱቄት ይሸታል። ከመንገዱ ማዶ አቆመና ወረደ። ቀለም ቀቢው መኪናው ውስጥ ጋዜጣው ላይ እንደተቀመጠ ቀረ፤ መውረድ እንደሌለበት ማንም ሳይነግረው ገብቶታል። ደወል ተደወለ። በሩ ተከፈተና ሴቶች መውጣት ጀመሩ፤ ሁሉም ነጭ ሻሽ ያሰሩ፣ ሁሉም አንድ ዓይነት ጫማ ያደረጉ፣ ሦስት አራት እየሆኑ፣ እየሣቁ፣ ቦርሳቸውን ለጥበቃው እየከፈቱ። ጋሽ ካቻቢቴ ዓይኑን ከአንዷ ፊት ወደ ሌላዋ ያዘዋውራል። መቶ አለፉ፣ ከዚያ በላይ አለፉ። ሦስት ዓመት ሰውን ምን ያህል እንደሚለውጥ አያውቅም፤ አልፋው ሄዳ ቢሆንስ ብሎ ዞሮ ያለፉትንም አየ። ሲመጣ መንገድ ላይ ያዘጋጀው ንግግር ነበረው፤ አባት እንዲህ ሲል ተሳሳተ፣ ሰው በንዴት ይናገራል፣ እናትሽም ደክሟታል የሚል። ሁሉም ተነነበት።

መጀመሪያ ያወቀው አረማመዷን ነው። ቀኝ ትከሻዋን ቀደም አድርጋ፣ ከጓደኛዋ እያወራች፣ ሻሿን እየፈታች መጣች። ፊቷ ከስቷል፤ በጣም የእናቷን መስሏል። ቀና ስትል አየችው። ቆመች። ጓደኛዋ ሁለት እርምጃ አልፋ ሄዳ ዞረች። ልጅቷ መንገዱን ግራና ቀኝ ሳታይ ተሻገረች፣ አንድ ብስክሌተኛ ጮኸባት፤ አልሰማችም። ከፊቱ ስትደርስ ከንፈሯ ነጭ ሆኗል።

«እማዬ ምን ሆነች?» አለችው።

አባቷ ያለ ሞት፣ ያለ መርዶ እሷ ዘንድ ይመጣል ብላ እንደማታስብ በዚያች ቅጽበት ለጋሽ ካቻቢቴ ገባው፤ ይህንንም ያስተማራት እሱ መሆኑ ገባው።

«ደህና ናት» አለ። «ሾርባ ሠርታ ነበር። ደህና ናት፣ ሁላችንም ደህና ነን።»

«ታዲያ... ታመምክ?»

«አልታመምኩም።»

«ታዲያ ምነው?»

«እንዲሁ ነው የመጣሁት።»

«እንዲሁ?» አለች። ዓይኗ ሞላ።

«እንዲሁ» አላት።